የተበላ ፍሬት ቦርድ፦ ቤዝ ጊታርን በቤት ማጽዳትና መንከባከብ

ቤዝ ጊታር ከሠርግ ሠርግ፣ ከመድረክ መድረክ ዓመታት ሲዞር ቀድሞ የሚያረጀው ጣት የሚያርፍበት ፍሬት ቦርዱ ነው። ላብ ይጠጣል፤ አቧራ ይሰበስባል፤ የብረቱ ክር ፍሬቶቹን ቀስ በቀስ ይበላቸዋል። ድምፁ ሲደክም ግን ባለቤቱ መጀመሪያ የሚጠረጥረው አምፕሊፋየሩን ነው፤ ቀጥሎ ክሩን። አዲስ ክር ይገዛል፣ ጥቂት ሳምንት ደህና ይሆንለታል፣ ከዚያ ያው ዝዝታ ይመለሳል።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ውጫሌና አካባቢዋ ተቀምጦ ቤዝ ለሚጫወት ሰው ነው። በሐይቅ በኩል ደሴ ቢደርስም፣ ጊታር በመጠገን የሚተዳደር ባለሙያ ፍለጋ ከደሴ ሌላ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ መግባት ሊኖርበት ይችላል። ደግነቱ ከሥራው አብዛኛው ቤት ውስጥ ይሠራል። ከፋርማሲ፣ ከሰፈር ሱቅና ከመኪና ቀለም ቀቢ የሚገኙ ጥቂት ነገሮች ይበቃሉ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ነገር እንዲይዙልኝ እፈልጋለሁ፦ እድፉን ያንሱ፣ እንጨቱንና ብረቱን ይቆጥቡ። የተፋቀ እንጨት አይመለስም፤ የተሞረደ ፍሬትም ቁመቱን መልሶ አያገኝም።

ከመፍታትዎ በፊት በአምባሰል ይፈትሹት

ውጫሌን የታሪክ መጻሕፍት በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ያነሧታል። ሙዚቀኛ ግን የአምባሰል ወረዳ ከተማ መሆኗን አይረሳም፤ ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን አንዱ የዚህን አገር ስም ይዟል። ይህ ቅኝት የተበላ ፍሬትን ለማወቅም እጅግ የሚመች መፈተሻ ነው። ምክንያቱን ላስረዳ።

ጊታሩን በተለመደው አኳኋን ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ ብለው ይቃኙት። በወፍራሙ የኢ ክር 5ኛው ፍሬት ላይ ያለውን ኤ መነሻ ያድርጉ። ከዚያ 6ኛውን ፍሬት (ቢ ፍላት) ይጫኑ። ወደ ኤ ክር ተሻግረው 5ኛውን (ዲ)፣ 7ኛውን (ኢ) እና 8ኛውን (ኤፍ) ይምቱ። በዲ ክር 7ኛውንና 8ኛውን፣ በጂ ክር ደግሞ 7ኛውን፣ 9ኛውንና 10ኛውን ያስከትሉ፤ በጂ ክር 14ኛው ላይ ወደ ኤ ይመለሱና ይጨርሱ። በሁለት ኦክታቭ አምባሰልን ወጡ ማለት ነው።

አሁን ያስተውሉ። በዚህ ቅኝት ውስጥ የመጀመሪያውና ሁለተኛው፣ እንዲሁም አራተኛውና አምስተኛው ድምፆች የሚራራቁት በግማሽ ድምፅ ብቻ ነው። ፍሬት ቦርዱ ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ፍሬቶች ናቸው። ጣትዎ 5ኛውን ሲጫን ክሩ 6ኛውን ለጥቂት ሳይነካው ያልፋል። 5ኛው ተበልቶ ከ6ኛው ዝቅ ካለ ክሩ 6ኛውን እየነካ ዝዝ ይላል፤ ጉዳቱ ሲከፋ ኤ ብለው ተጭነው ቢ ፍላት ይሰማሉ። ጎረቤታሞቹን አንዱን ካንዱ እያነጻጸሩ ሲጫወቱ የትኛው እንደታመመ ጆሮዎ ይነግርዎታል። ሙሉ ትዝታ ግማሽ ድምፅ ስለሌለው ይህን ንጽጽር አይሰጥዎትም።

የችክችካን ምት የሚጫወት ሰው ጊታር በጥቂት ቦታ ብቻ የሚበላበትም ምክንያት አለው። ቤዙ ሁለትና ሦስት ድምፆችን ይዞ ረጅም ጊዜ ይመላለሳል፤ ለዘፋኙ የሚመቸው ቁልፍ ደግሞ አይለወጥም። ስለዚህ 3ኛው፣ 5ኛው፣ 6ኛውና 7ኛው ሲቦረቦሩ 11ኛው እንደ አዲስ ሊያበራ ይችላል።

ዝዝ ያለውን ቦታ ሁሉ በአንገቱ ጠርዝ ላይ በተለጠፈች ትንሽ ማስኪንግ ቴፕ ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት። ሙከራውንም በስልክዎ ይቅዱት፤ ከጽዳቱ በኋላ የሚያወዳድሩት ከዚህ ጋር ነው። ፎቶም ያንሱ፤ በተለይ ክሮቹ በራስጌው መቃኛዎች ላይ እንዴት እንደተጠመጠሙና የብሪጁ መቀመጫዎች የት እንደቆሙ።

ሁሉም ፍሬቶች ዝዝ ካሉ ጥፋቱ የፍሬት መበላት ላይሆን ይችላል። የአንገቱን ጉብጠት ይለኩ። የኢ ክርን በ1ኛው ፍሬትና አንገቱ ከገላው በሚገናኝበት ፍሬት ላይ በአንድ ጊዜ ይጫኑ። 7ኛውና 8ኛው አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መካከል የሚቀረው ክፍተት 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል መሆን አለበት። መለኪያ ከሌለዎት ሦስት ሉክ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ደራርበው ያስገቡ፤ አንዱ ሉክ 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ወረቀቶቹ ክሩን ሳያነሱት ለጥቂት ካለፉ ደህና ነው። ክፍተት ጨርሶ ከሌለ አንገቱ ወደ ኋላ ሄዷል፤ እዚያ ላይ ፍሬት መሞረድ ጊታሩን መጉዳት ነው።

እንጨቱን ይለዩ

ሁለት ዓይነት ፍሬት ቦርድ አለ፤ አጸዳዳቸውም አንድ አይደለም። ጥቁር ወይም ቡናማ ሆኖ ቀዳዳው በዓይን የሚታየው በአብዛኛው ሮዝዉድ ነው፤ በጣም ጠቁሮ የጠጠረው ኢቦኒ፣ ማለትም ዞጲ ነው። እነዚህ ቫርኒሽ ስለማይቀቡ ዘይት ይቀበላሉ። ነጣ ብሎ እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቀው ሜፕል ሲሆን ላዩ በቫርኒሽ ተሸፍኗል፤ ዘይት አይገባውም፣ አያስፈልገውምም።

አንድ ጥንቃቄ። ርካሽ ጊታሮች ላይ ዞጲ የሚመስለው እንጨት ብዙ ጊዜ በቀለም የጠቆረ ሌላ እንጨት ነው። መጨረሻው ፍሬት አጠገብ ነጭ ጨርቅ በትንሽ አልኮል አርሰው ያሹት። ጨርቁ ላይ ጥቁር ቀለም ከወጣ አልኮልን ይተዉት፤ በደረቅና ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ይሥሩ።

ክሮቹን ማውረድ

አራቱ ክሮች ተደምረው አንገቱን ከ70 እስከ 80 ኪሎ ግራም በሚደርስ ኃይል ይስቡታል። ስለዚህ አንዱን ጨርሰው ወደ ሌላው አይሂዱ፤ ሁሉንም በየተራ ትንሽ ትንሽ እያላሉ ያውርዷቸው። ለአንድ ከሰዓት ክር ሳይኖረው ቢቀመጥ አንገቱ አይጎዳም። ሳምንታት ማቆየት ግን አይገባም።

ክሮቹን እንደገና የሚጠቀሙባቸው ከሆነ መቃኛው ላይ የታጠፈውን ጫፍ አያቃኑት፤ እዚያው ላይ ይሰበራል። ሰፋ ባለ ክብ ጠቅልለው በየስማቸው ያስቀምጡ። ቤዝ ክር ውድ ነው፤ ሙዚቀኛ የሞተ ክር በፈላ ውኃ ቀቅሎ የሚመልሰውም ለዚህ ነው። ዘዴው ይሠራል፤ በጥቅልሉ ውስጥ የገባው ቅባትና የቆዳ ፍርፋሪ ይወጣና ድምፁ ለጥቂት ጊዜ ይጠራል። ነገር ግን እርጥበቱ ውስጥ ቀርቶ ዝገት ያመጣል። ከቀቀሉ በደንብ አድርቀው ፀሐይ ላይ ያስጡት። እኔ የምመርጠው ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ በአልኮል አሳድሮ ማጽዳቱን ነው፤ አልኮል ቶሎ ይተንናል፣ ክሩም ደርቆ ይወጣል። ይህን ሲያደርጉ ከሰል የተያያዘበት ምድጃ ወይም ሻማ ያለበት ክፍል ውስጥ አይሁኑ። ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ።

ደረቁ ጽዳት

ብዙ ሰው ክሩ እንደወረደ ወደ ፈሳሹ ይቸኩላል። ከእድፉ አብዛኛው ግን በደረቁ ይለቃል፤ በደረቁ የለቀቀ እድፍ ደግሞ ወደ እንጨቱ ቀዳዳ አይሰርግም። ፒካፖቹን በፕላስቲክና በቴፕ ይሸፍኑ፤ ማግኔት ስለሆኑ የብረት ብናኝ ይስባሉ። አንገቱን በታጠፈ ፎጣ ላይ ያሳርፉና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ከፍሬት ፍሬት፣ በእንጨቱ ሥር አቅጣጫ ይቦርሹ።

የጠጠረውና የጠቆረው ቆሻሻ የሚቀመጠው ፍሬቱ ከእንጨቱ በሚጋጠምበት ጥግ ነው። ለእሱ የጥርስ መፋቂያ የሚስተካከለው የለም። አንዱን ጫፍ እንደ ጠፍጣፋ መሮ አድርገው በምላጭ ይቅረጹት፤ ሌላውን እንደተለመደው አኝከው ብሩሽ ያድርጉት። በጠፍጣፋው ጥጉን ተከትለው በቀስታ ይግፉ፣ በብሩሹ የለቀቀውን ይጥረጉ። የወይራ መፋቂያ ጠንካራ ስለሆነ ጠርዙን ትንሽ ያድክሙት። ቢላ፣ ምላጭ ወይም ካቻቢቴ ግን ጥጉ ውስጥ አያስገቡ፤ አንዴ ካመለጠዎት ጭረቱ ከጊታሩ ጋር ይኖራል።

እርጥቡ ጽዳት

ከደረቁ የተረፈው ላብና ቅባት ነው። የዕጣን፣ የከሰልና የሲጋራ ጭስ በነበረበት ቤት የቆየ ጊታር ላይ የሚያጣብቅ ቡናማ ሽፋንም ይኖራል።

ለሮዝዉድና ለዞጲ ዚፖ ላይተር የሚሞላበት ፈሳሽ ከተገኘ ከሁሉም ይሻላል፤ ቅባቱን ያሟሟል፣ እንጨቱን አያርስም፣ ወዲያው ይተንናል። ካልተገኘ የፋርማሲ አልኮል ይሆናል። 70 በመቶው አልኮል ሲሆን ቀሪው ውኃ ነውና ጨርቁ ይርጠብ እንጂ አያንጠብጥብ። ሁለት ሁለት ፍሬት እየያዙ ያብሱ፣ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ይከተሉት። ጨርቁ ሲጠቁር ይቀይሩት፤ ያለዚያ እድፉን ከ3ኛው ፍሬት ወደ 9ኛው ማዛወር ነው። አልኮል የጊታሩ ገላ ላይ እንዳይንጠባጠብ ይጠንቀቁ፤ አንዳንዱን ቫርኒሽ ይበላል። የእጅ ሳኒታይዘር ውስጥ ግሊሰሪን ስላለ አይጠቀሙት፤ የሚያጣብቅ ነገር ይተዋል።

ለሜፕል ውኃ ውስጥ ገብቶ እስኪደርቅ የተጨመቀ ጨርቅ ይበቃል። በጣም ካደፈ ውኃው ውስጥ አንድ ጠብታ ላርጎ ይጨምሩ፤ ከዚያ በንጹሕ ውኃ በራሰና በተጨመቀ ጨርቅ፣ መጨረሻ በደረቅ ያብሱ። ቫርኒሹ አልቆ እንጨቱ ግራጫ በሆነበት ቦታ እርጥበት አይቆይ። ግራጫው እንጨቱ ውስጥ የገባ ላብና እድፍ ነው፤ ነጭ እስኪሆን ለማሸት አይሞክሩ። ዕድሜው ነው፤ ድምፁን አይጎዳም።

የማይነኩትን ደግሞ እነሆ። በረኪና እንጨቱን ያነጣዋል፣ ብረቱንም ያበላሸዋል። የመኪና ቤንዚን ውስጥ የሚጨመሩት ነገሮች እንጨቱ ላይ ይቀራሉ፤ እሳቱም ያስፈራል። የሎሚ ጭማቂ አሲድ ነው፤ ጊታረኞች የሎሚ ዘይት ሲባል ሰምተው ሎሚ የሚጨምቁ አሉ፣ በሱቅ በዚያ ስም የሚሸጠው ግን በአብዛኛው መዓዛ የተጨመረበት የማዕድን ዘይት ነው።

ፍሬቶቹ

እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ፤ የጊታሩ ድምፅ ያለው እዚህ ነው። ፍሬት የሚሠራው በብዛት ከመዳብ፣ ከኒኬልና ከዚንክ ቅይጥ ነው። ስቴይንለስ ክር ከዚህ ቅይጥ ይጠነክራል፤ በኒኬል የተለበጠው ለፍሬት ይራራል። ፍሬትዎ ቀድሞ የተበላ ከሆነ ከዚህ በኋላ የሚገዙት ክር ኒኬል ይሁን፤ ይበልጥ ለስላሳ የሚሆነው ደግሞ ላዩ ጠፍጣፋ የሆነው፣ ፍላት የሚባለው ነው።

በፍሬቱ ራስ ላይ ክሩ የቆፈረውን ቦይ በጥፍርዎ ይዳስሱ። ጥፍር ሳይያዝ ካለፈ ማወልወል ይበቃዋል። ጥፍር ከያዘ፣ ነገር ግን ድምፁ ንጹሕ ከሆነ አሁንም ማወልወል ይበቃዋል። ጥፍር ይዞ በአምባሰል ፈተናውም ዝዝ ያለ ከሆነ ቀጥሎ ያለውን ልኬት ይሥሩ።

ያልታጠፈ የባንክ ካርድ ይያዙ። ረጅሙ ጠርዙ 85.6 ሚሊ ሜትር ነው። መደበኛ ቤዝ ከነት እስከ ብሪጅ 864 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ካርዱ ከ2ኛው ፍሬት ጀምሮ ሦስት ፍሬት ላይ ይቆማል፤ 1ኛው፣ 2ኛውና 3ኛው 89 ሚሊ ሜትር ስለሚሰፉ ለእነሱ ረዘም ያለ ቀጥ ያለ ነገር፣ ለምሳሌ የብረት ማስመሪያ ያስፈልጋል። ካርዱን በጠርዙ በሦስቱ ፍሬቶች ራስ ላይ ያቁሙና ግራና ቀኝ ይጫኑት። ከተወዛወዘ መካከለኛው ፍሬት ከፍ ብሏል። ካልተወዛወዘና በመካከለኛውና በካርዱ መካከል ብርሃን ከታየ መካከለኛው ተበልቷል። ከ10ኛው ወዲያ ፍሬቶቹ ስለሚቀራረቡ አጭሩን ጠርዝ ይጠቀሙ። ክሮቹ በሚያልፉባቸው አራቱም መስመሮች ይለኩ፤ መበላቱ በአንድ ክር ሥር ብቻ ሊሆን ይችላል።

ከፍ ያለው ፍሬት ብዙ ጊዜ ከመቀመጫው የተነሣ ነው። በጣትዎ ሲጫኑት ከወረደ፣ ለስላሳ እንጨት ላዩ ላይ አድርገው በትንሽ መዶሻ ቀስ ብለው ይመልሱት። ተመልሶ ከተነሣ አንድ ጠብታ ቀጭን ሱፐር ግሉ በጥጉ ያስገቡና እስኪደርቅ በእንጨት ተጭነው ይያዙት። ግሉውን ከማንጠብጠብዎ በፊት ዙሪያውን በቴፕ ይሸፍኑ።

ለማወልወል ሱቅ ያለውን የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ አይጠቀሙ፤ ሻካራ ነው። የሚፈለገው አራት ዜሮ የሚባለው በጣም የደቀቀው የብረት ሱፍ ነው። እሱ ከሌለ የመኪና ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት ባለ 1500 እና ባለ 2000 ቁጥር የውኃ ብርጭቆ ወረቀት ያው ሥራ ይሠራል፤ ጋራዥ ያለበት ከተማ ሁሉ ይገኛል። በፍሬቱ ግራና ቀኝ ያለውን እንጨት በማስኪንግ ቴፕ ይሸፍኑ። ቴፑን መጀመሪያ ሱሪዎ ላይ ለጥፈው ያንሱት፤ ሙጫው ይደክምና ሲነሣ የእንጨቱን ስንጥር ወይም ቫርኒሽ አይነቅልም። በ1500 ጥቂት ጊዜ፣ በ2000 ትንሽ ረዘም አድርገው ያሹ፤ መጨረሻ ላይ እንደ ብራሶ ያለ የብረት ማወልወያ በጥጥ ነክተው ያብሩት። ሲያበቃ ክር ሲሳብበት የመንሸራተት ስሜት ሊሰጥ ይገባል። ቦዩን ለማጥፋት ብለው ግን አያሹ። አንዱን ፍሬት ለብቻው ዝቅ ካደረጉት ክሩ ቀጣዩን ጎረቤቱን እየነካ ዝዝ ማለት ይጀምራል።

በበጋ ሌላ ችግር ይመጣል። እንጨቱ ሲደርቅ ይሟሽሻል፣ ብረቱ ግን አይሟሽሽም፤ የፍሬቱ ጫፍ በአንገቱ ጠርዝ በኩል ይወጣና እጅ ይቧጭራል። ደቡብ ወሎ በልግም ክረምትም ስለሚያገኝ እንጨቱ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ያብጣል፣ ይደርቃል። የወጣውን ጫፍ ከወርቅ ሠሪ ወይም ከቁልፍ ቀራጭ በተዋሱት ደቃቅ ሞረድ በሰያፍ ጥቂት ጊዜ ይንኩት። ይህን በበጋው መካከል ያድርጉት፤ እንጨቱ በጣም በተሟሸሸበት ጊዜ የተስተካከለ ጫፍ ዓመቱን ሙሉ አያስቸግርም።

ዘይት

ሮዝዉድና ዞጲ ከሆነ ብቻ። ከፋርማሲ የሚገዛ ፈሳሽ ፓራፊን ይበቃል። ለመላው ፍሬት ቦርድ ጥቂት ጠብታ ጨርቅ ላይ አድርገው በስሱ ይቀቡ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፣ ከዚያ ጨርቁ ደርቆ እስኪወጣ ያብሱት። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ። ዘይት የበዛበት እንጨት የፍሬቱን መቀመጫ ያላላል፤ አዲሱን ክርም ያደክማል።

የኑግ ዘይት፣ የሱፍ ዘይት፣ የወይራ ዘይትና ቅቤ ለእንጀራ እንጂ ለጊታር አይሆኑም። እንጨቱ ውስጥ ቀርተው ይሻግታሉ፤ አቧራ ይይዛሉ። የተልባ ዘይት ይደርቃል፣ አንዳንድ እንጨት ሠሪም ይወደዋል፤ ነገር ግን የተጠቀሙበትን ጨርቅ ጨብጠው ከጣሉት በራሱ ሞቆ ሊቀጣጠል ስለሚችል ዘርግተው ውጭ ያድርቁት። ፓራፊን እያለ እዚህ ውስጥ መግባት አያሻም።

መልሶ መወጠርና መቃኘት

ክሩ መቃኛው ላይ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ብቻ ይጠምጠም፤ ዙሩ ከላይ ወደ ታች ይውረድ። ወደ ድምፁ ሲደርስ በነቱና በብሪጁ አጠገብ በጣት ጫን ያድርጉት፤ መቀመጫውን ይይዛል። የስልክ መቃኛ የኢ ክርን በደንብ ላይሰማ ይችላል። ድምፁ 41 ኸርዝ ያህል ብቻ ስለሆነ የስልኩ ማይክሮፎን ይቸገራል። በ12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን በጣት ነክተው ሃርሞኒኩን ያሰሙት፤ ያኔ ያነበዋል።

ጊታሩን አሳድረው በማግስቱ ጉብጠቱን በሦስቱ ሉክ ወረቀት እንደገና ይለኩ። ክፍተቱ ሰፍቶ ከሆነ በአንገቱ ውስጥ ያለውን ትረስ ሮድ በልኩ በሆነ አለን ቁልፍ ወደ ቀኝ ያጥብቁ፤ ክፍተት ከጠፋ ወደ ግራ ያላሉ። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አይለፉ፤ ቃኝተው ይጠብቁ፣ ይለኩ። ቁልፉ እምቢ ካለ ያቁሙ። የተሰበረ ትረስ ሮድ የአንገቱን ዋጋ ያስከፍላል።

ከዚያ 12ኛው ላይ ሃርሞኒኩንና ተጭነው የሚያወጡትን ድምፅ ያወዳድሩ። የተጫኑት ከፍ ካለ የብሪጁን መቀመጫ በካቻቢቴ ከአንገቱ ያርቁት፤ ዝቅ ካለ ያቅርቡት። ማሲንቆ ፍሬት የለውም፤ ተጫዋቹ ጣቱን ሸርተት አድርጎ ያርመዋል። ቤዙ ፍሬቱ የሰጠውን ብቻ ነው የሚያወጣው። እንደ ማሪቱ ለገሰ ያለ ድምፅ በአምባሰል ሲወጣ ከሥሩ ያለው ቤዝ ጥቂት ቢዛባ መላው ቡድን የተዛባ ይመስላል። የሮሃ ባንዱን ጆቫኒ ሪኮ ያዳምጡ፤ እያንዳንዱ የቤዝ ድምፅ ተጀምሮ በቦታው ያበቃል። ከጊታርዎ የሚፈልጉት ይህንን ነው።

አሁን አምባሰሉን ከ5ኛው ፍሬት ጀምረው እንደገና ይጫወቱና ከቀዳሚው ቅጂ ጋር ያወዳድሩ። በእርሳስ ምልክት ካደረጉባቸው ቦታዎች ጸጥ ያሉትን ይሰርዙ። የቀሩት አንድ ሁለት ከሆኑ የክሩን ከፍታ በብሪጁ በኩል ጥቂት ማንሳት ይበቃል። አምስትና ስድስት ከሆኑ ፍሬቶቹ በአንድነት መስተካከል አለባቸው፤ ይህ በካርድና በብርጭቆ ወረቀት የሚሠራ አይደለም፣ ወደ ባለሙያ ይውሰዱት። አዲስ ፍሬት በአብዛኛው ከ1 እስከ 1.4 ሚሊ ሜትር ቁመት አለው። ግማሹ ካለቀ ማስተካከሉ ራሱ የሚበላው ብረት ስለማይተርፍ ይቀየር።

ፍሬት የሌለው ቤዝ ካለዎት የሚበላው እንጨቱ ራሱ ነው። ጽዳቱ ያው ነው፤ ክሩ ግን ፍላት ይሁን፣ ሌላው እንጨቱን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

ከዚያ በኋላ

ቀሪው የልማድ ጉዳይ ነው። ሠርግ ቤት በልተው ወደ መድረክ ሲመለሱ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ የወጥ ቅባትና በርበሬ በክሩ ሥር ገብተው የሚደርቁት ያኔ ነው። ሲጨርሱ እያንዳንዱን ክር በጨርቅ ይዘው ከላይ እስከ ታች ይሳቡት፣ ከክሩ ሥርም ያብሱ። ግድግዳ ላይ ከሰቀሉት ከምድጃና ከመስኮት ይራቅ። በመኪና ሲጓዝ ጣራ ላይ አይጫን፤ ፀሐዩ የፍሬቱን መቀመጫ ያላላል፣ አንገቱንም ይጠመዝዘዋል። ክሩ ያለቀበትን ቀን ሳይሆን የለወጡበትን ቀን ይጻፉ፤ በየጊዜው ምን ያህል እንደሚያገለግልዎት የሚያውቁት በዚህ ነው።

የመጨረሻው ቃሌ ለባህል ቡድን ኃላፊዎች ነው። በብዙ ቡድን አንዱን ቤዝ ብዙ እጅ ይጫወትበታል፤ የእኔ ነው የሚለው ሰው ስለማይኖር የሚያጸዳው አይገኝም። አንድ ሰው በኃላፊነት ይመደብለት። መሣሪያ ሲገዛም ከበጀቱ ጥቂት ተቀንሶ ለፍሬት ሽቦ፣ ለደቃቅ ሞረድና ለቀጥተኛ ማስመሪያ ይዋል፤ ከቡድኑም እጁ የሚሠራ አንድ ወጣት አዲስ አበባ ተልኮ ፍሬት መቀየር ይማር። ደሴና ውጫሌ መካከል አንድ እንዲህ ያለ ሰው ቢኖር የአካባቢው ጊታር ሁሉ እሱ ዘንድ ይሄዳል።